እንቁላል የጠጣው ሞተር

የተቀቀለ እንቁላል አልበላም። ሰው አጠገቤ ሲልጥ ካየሁ ሰበብ ፈልጌ ከገበታው እነሳለሁ። ሰዎች አይስማማትም ይላሉ። እኔም አላርማቸውም፤ እውነተኛው ምክንያት ምግብ ቀርቦ የሚወራ አይደለም።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ ያላገባሁ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ በእርሻ ልማት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ እንደወጣ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ነጭ አሮጌ መኪና ገዛ። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር፤ ሦስቱ በዚህ፣ ሦስቱ በዚያ ጎን የተጋደሙ። አባቴ ስለ መኪናዋ ሲያወራ «ልጅቷ» ነበር የሚላት። አንዳንዴ ስለ እኔ ይሁን ስለ እሷ እንደሚያወራ ለማወቅ ወሬው እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረብኝ።

ከመስቀል በኋላ መኪናዋ ውሃ ማጉደል ጀመረች። አባቴ ጠዋት ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ያያል፣ ጎድሏል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያያል፣ መሬቱ ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለም። ስትነሳ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ትለቃለች፣ ጭሱም የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሽታ አለው። ለጥቂት ወራት እንዲህ ስትል ቆይታ፣ ጥር ውስጥ ከሻሸመኔ ስትመለስ ጥቁር ውሃ የሚባለው ሰፈር ስትደርስ ፈልታ ቆመች። አባቴ በሰው አስጎትቶ ግቢ አስገባት።

«ማኒፎልዱ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ነው» አለ። አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት እንደ ኮርቻ የተጫነው ብረት ማኒፎልድ ይባላል፤ ከሥሩ ጓርኒሲዮን የሚባሉ ሁለት ስስ ማሸጊያዎች አሉ፤ እነሱ ሲበሉ ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እራት እየበላን ነው።

«ጋራዥ ውሰዳታ» አልኩት።

«ጋራዥ? ባለፈው ሳስገባት ደህናውን ዲናሞ አውጥተው የሞተ ተክለውልኛል። እዚሁ ግቢ ውስጥ እንፈታታለን።»

«እንፈታታለን» ሲል ማን እንደሆነ ገብቶኛል። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሻይ ሲያነሳ ግማሹ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ቁልፍ ከቡሎን ጋር ማገናኘት አይችልም። የሴሚስተር እረፍት ላይ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የሚቀረኝ የመምህራን ግምገማ ብቻ ነው። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፣ ቆሻሻ አልወድም ከማለት በቀር። ቆሻሻ አለመውደዴን ደግሞ አባቴ እንደ ቅብጠት ነበር የሚያየው።

አዲሶቹ ጓርኒሲዮኖች በአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው በኩል ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት የድሮ ቱታውን ለበስኩ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዝዘኝ ጀመር።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። ቀጥሎ «የዘይቱን ክዳን ክፈቺና እዪው» አለኝ። ከፈትኩት። ክዳኑ ውስጥ ወፍራም፣ ቢጫ ያዘለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። የተበላሸ አይብ ይመስላል። በጣቴ ሳላስበው ነካሁት፤ ለስላሳ ነበር። እጄን ቱታው ላይ ጠረግሁ፣ እንደገና ጠረግሁ።

«ውሃና ዘይት ሲመታ ነው» አለ አባቴ። «አየሽ፣ አልተሳሳትኩም።» በጣም ደስ ብሎታል።

ከዚያ የራዲያተሩን መክፈቻ ከታች ፈታሁትና ሳፋ አስጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም አልወረደም። በሽቦ ቆስቆስ አደረግሁት። ያን ጊዜ የወጣውን ነገር ውሃ ብዬ መጥራት አልችልም። ግራጫ፣ ዝልግልግ ያለ፣ እንደ ንፍጥ እየተሳበ የሚወርድ ነገር ነው። በውስጡ የሆነ የተቆራረጠ ነጭ ነገር አለ፣ ትንንሽ ቡናማ ፍሬዎችም አሉ። ሽታው ከመጣ በኋላ ግን ማየቱን ተውኩ። የሞተ አይጥ አውቃለሁ፣ የተደፈነ ሽንት ቤት አውቃለሁ። ይህ ከሁለቱም የባሰ ነበር። ዓይኔን አቃጠለኝ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

በርጩማውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

«አባዬ!»

«እንቁላል ነው» አለ። «ትንሽም ተልባ አለበት።»

መጀመሪያ ውሃ ስታጎድል ጊዜ መንገድ ላይ ያደረገው ነው። አምስት እንቁላል ሰብሮ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሯል፣ ላዩ ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ ተልባ። እንቁላሉ በሙቀቱ ይበስልና ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ተልባው ያብጣል። በጥንቱ ጊዜ፣ መለዋወጫ በማይገኝበት በረሃ፣ ሾፌሮች እንዲህ እያደረጉ መኪና አድነዋል አለኝ። ያለ ሀፍረት ነው የነገረኝ፤ እንዲያውም ኮራ ብሏል።

«ያለነው በረሃ ነው?» አልኩት። «መለዋወጫ ሱቅ በእግር አምስት ደቂቃ ነው እኮ!»

«እስከ ቤት ይዛኝ መጥታለች አይደል?»

«ከዚያ በኋላ ለምን አላጠብከውም?»

«ረሳሁት።»

አራት ወር ሙሉ። በዚያች መኪና ቤተ ክርስቲያን ሄደናል፣ ሐዘን ሄደናል፣ የገና ዕለት ሀይቁ ዳር ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ አቁመናት ሰው ሁሉ ተደግፏት ቆሟል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህ ነገር ውስጧ እየፈላ፣ እየበረደ፣ እየበሰበሰ ነበር። አባቴን አየሁት። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ጫማውን እሱ ራሱ የሚወለውል ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጸየፍኩት። ቃሉ ከባድ ነው፣ ግን ሌላ የለኝም።

ቢሆንም ሥራው ተጀምሯልና ቀጠልኩ። ቱቦዎቹን በምነቅልበት ጊዜ በነጭ ቀለም ቁጥር እየጻፍኩባቸው፣ ቡሎኖቹን ካርቶን ላይ በየቦታቸው እየሰካሁ ማኒፎልዱን ፈታሁት። ተጣብቆ ነበር። በእንጨት ቀስ ብዬ መታ መታ አድርጌ ሳነሳው እንደ ቁስል ፋሻ ተላቀቀ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ግማሹ ተበልቷል፤ የተበላውን ቦታ የእንቁላል ቅሪት ሞልቶታል።

አሁን ሞተሩ ክፍት ነው። በሁለቱም ጎን በውሃ መውጫዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ ያ ፈሳሽ ተኝቷል።

«እሱ ወደ መሀል ከፈሰሰ ሞተሩ ሞተ» አለ አባቴ። «በጨርቅ ስትጨምቂው ይወርዳል። በቀጭን ቱቦ ሳቢው።»

«በምን ልሳበው?»

«በአፍሽ ነዋ። ቤንዚን እንደሚሳበው። ቶሎ ወደ ጣሳው መልቀቅ ነው እንጂ አፍሽ ድረስ አይደርስም።»

ለምን እሺ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ደክሞኝ ነበር፣ ቶሎ ይለቅ ብዬ ነው መሰለኝ። ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ሳብኩ። አልመጣም። ተልባው ደፍኖታል። ጠንከር አድርጌ ሳብኩ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ።

ስለ ጣዕሙ አልጽፍም። ቀዝቃዛና ወፍራም ነበር፣ አንዱ ቁራጭ ምላሴ ላይ ቀረ፤ ይኸው ይበቃል።

ወደ ውሃው ሮጥኩ። ቧንቧችን በሩ አጠገብ ነው፣ ከሌላው ቤት ውሃ ሲጠፋ ጎረቤቶች እኛ ጋ ነው የሚቀዱት። ያን ቀን አራት ሴቶች ጄሪካን ደርድረው ተሰልፈው ነበር። እፊታቸው ተንበረከክሁና አስመለስኩ። ሆዴ ውስጥ ምንም ሳይቀር አላቆመም።

አንደኛዋ ጄሪካኗን ጥላ ትከሻዬን ያዘችኝ። አሣ የምትሸጥ፣ ከሀይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ገበያ የምታመጣ የሲዳማ ልጅ ናት፤ ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው። አፌን አሽትታ «ምን ጠጣሽ አንቺ?» አለችኝ።

«ከሞተር… ውሃ…» አልኩ።

«ወተት አምጡ!» ብላ ጮኸች። ራሷ ሮጣ ከቤቷ አመጣች። «አፍሽ አጥቢው፣ ትፊው፣ አትዋጪ። ባሌም እንዲህ ሆኖ ያውቃል።»

ከኋላዋ የቆሙት ግን ሌላ ነገር እያዩ ነበር። ከጓሮ በኩል የሚያዋስኑን አሮጊት፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሰፈሩ እናት የሚባሉ ሴት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሆዴን ይመለከታሉ። በቱታው ስፋት ሆድ ቢኖረኝም አይታይም ነበር።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «መጀመሪያው ነው የሚያስቸግረው። ሎሚ አሽትቺ።»

ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አመስግኜ ተመለስኩ።

ቀሪውን ቀን አጸዳሁ። ሞተሩን በጨርቅ ወታትፌ የተጣበቀውን ቅሪት በምላጭ ፋቅሁ፣ በቤንዚን ጠረግሁ፣ በጥርስ ብሩሽ ቦረሽኩ። ራዲያተሩን በፈላ ውሃና በኦሞ ሰባት ጊዜ አጠብኩት። በሰባተኛው ጊዜም ተልባ ይወጣ ነበር። አባቴ ከበርጩማው ሆኖ «በቃ፣ ጸድቷል» ይላል፤ መልስ አልሰጠሁትም። አዲሶቹን ጓርኒሲዮኖች አስቀምጬ ማኒፎልዱን ስጭንና ቡሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር ተራ በተራ ሳጠብቅ መሸ። ዘይትና ውሃ መሙላቱን ለእሑድ አሳደርነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሮጊቷ ጎረቤታችን መጡ። አንዲት የማኅበር ጓደኛቸውን አስከትለዋል። አባቴ ሳሎን አስገባቸው። እኔ ግቢ ውስጥ ዘይት እየሞላሁ ነበር፣ መስኮቱ ክፍት ነው።

«ልጅ ነው፣ የእግዜር ስጦታ ነው» ሲሉ ሰማሁ። «ሠላሳ ካለፈ ደግሞ እንኳን መጣ ነው የሚባለው። ሰውየው ማን እንደሆነ ይጠየቅና ሽማግሌ ይላክ። ሆዷ ሳይገፋ።»

ጣሳውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አባቴ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። እንቁላል ነው፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ አጠገቧ ነበርኩ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

እሱ ግን ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ብቅ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የሚሉት።»

«አባዬ፣ አጠገቤ አልነበርክም? ሳቢው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ግን ያን ያህል ያስመልሳል? እኔ ስንቴ ቤንዚን ስቤ…» ዓይኔን አላየኝም። «ትልልቅ ሴቶች ናቸው፣ እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ያ ፈሳሽ አፌ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝ ነገር ከዚህ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነበር። ሳፋው ጥግ ላይ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ሽታው ሰፈር እንዳይበክል የምደፋበት ጨንቆኝ ነው ያሳደርኩት። አንስቼው ሳሎን ገባሁ። ከሁለቱ ሴቶች ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሽፋኑን ገለጥኩት።

«ይሄ ነው ጽንሱ» አልኩ።

ጓደኛቸው ወዲያው ተነስታ ወጣች። አሮጊቷ ግን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳያደርሱ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ቁርሳቸው ሁሉ ጭናቸው ላይ ወጣ።

«እርስዎስ እማማ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?» አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ በልቤ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቼ አውቃለሁ። በአፌ ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የሚያስደስት መስሎኝ ነበር። አሮጊቷ ግን ቀሚሳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ አባቴ «ምን አደረግሽ!» እያለ ይጮኻል፣ ክፍሉ ውስጥ የሁለት ዓይነት ብስባሽ ሽታ ተቀላቅሏል። ውሃና ፎጣ ይዤ መጥቼ ተንበርክኬ አጠብኳቸው። ሳጥባቸው ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም ራሴን ተጸየፍኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አስነሳኋት። ትንሽ ተንተባተበችና ያዘች። ነጭ ጭስ የለም፣ የሙቀቱ መርፌ ከመሀል አላለፈም። አባቴ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ብዙ አዳመጠ።

«እንደ አዲስ ናት» አለ።

ቁልፉን መቀመጫው ላይ ጥዬለት ገባሁ።

ነገሩ እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የመምህራን ግምገማ ነበረን። እንደ ልማዱ በየተራ እየተነሳን ጠንካራና ደካማ ጎናችን ይነገራል። የእኔ ተራ ሲደርስ ሰዓት አክባሪነቴ ተነገረ፣ ፈተና ቶሎ ማረሜ ተነገረ። ከዚያ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተማሪው እጁን አወጣ።

«በደካማ ጎን በኩል» አለ፣ ወረቀቱን እያየ፣ «መምህሯ ለተማሪዎች አርአያ ከመሆን አንጻር፣ በግል ሕይወቷ የሥነ ምግባር ጉድለት እንደሚታይ ከኅብረተሰቡ ጥቆማ አለ።»

«ምን ዓይነት ጉድለት?» አልኩት።

«ዝርዝሩን ራሷ ታውቀዋለች።»

ሠላሳ ሰው ወለሉን አየ። አንዳንዱ ግን ቀና ብሎ ሆዴን አየ። ከቧንቧችን እስከዚህ ክፍል ወሬው በየት በየት እንደዞረ ለመቁጠር ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ተነሳሁ። ሁሉንም በተራ ነገርኳቸው። ራዲያተሩን፣ እንቁላሉን፣ ተልባውን፣ ቱቦውን፣ ምላሴ ላይ የቀረውን ቁራጭ ሳይቀር። ከፊት የተቀመጠችው የባዮሎጂ አስተማሪ አፏን ያዘች። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ብዙዎች ሳቁ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ።

«መምህርት፣ ነጥቡን ትቀበያለሽ ወይስ አትቀበይም?»

«የቱን ነጥብ?»

«ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ ወይ ነው።»

«እንቁላሉን የጨመርኩት እኔ አይደለሁም» አልኩ።

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «ግለ ሂስ ለማድረግ ፈቃደኛ አልሆነችም» የሚል ነው። በራሴ እጅ ፈርሜበታለሁ፤ እሱስ ውሸት አልነበረም። የዚያ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ዝቅ አለ። ከሥነ ምግባሩ አስተማሪ ጋር እስከ ዓመቱ መጨረሻ በአንድ የመምህራን ክፍል ሻይ ጠጣን። አንድ ቀን ደብተሮቼ ወድቀው የእርዳታ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ አንድ በአንድ ራሴ ለቀምኳቸው።

ወራቱ አለፉ። ሆዴ እንደነበረ ነው። ሰኔ ላይ አሣ ሻጯ ጎረቤቴ ቧንቧው ጋ ጠበቀችኝና፣

«አሁን ደግሞ አስወረደች ይሉሻል» አለችኝ። «እኔ ነግሬያቸው ነበር። አፏን አሽትቻለሁ፣ የሞተር ነው ብዬ። አንቺ አማርኛ አይገባሽም አሉኝ።»

ከሁሉም ይህኛው ነው ያስለቀሰኝ። ያን ዕለት ማንም እንዳይቀዳ ቧንቧውን የምዘጋበት ቁልፍ ገዝቼ መጣሁ። አባቴ ቁልፉን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ አሣ ሻጯ ያለችኝንም ጨምሬ። ቁልፉን አገላብጦ አየና መልሶ ሰጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ተሰልፈው ሳለ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ከመስኮት አየሁት። ጄሪካኖቹ መሀል ቆመና፣ እጆቹን እንዳይንቀጠቀጡበት ከኋላው አጣምሮ፣ እንቁላሉንና ተልባውን እሱ እንደጨመረ፣ ቱቦውን ሳቢ ያላት እሱ እንደሆነ፣ ልጁን አጠገቧ ተቀምጦ እያየ እንዳላመናት ነገራቸው። «ነውሩ የእኔ ነው» አለ። አሮጊቷም እዚያ ነበሩ። ከጄሪካኖቹ አንዱ ሞልቶ ይፈስ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ዘጋላቸውና ወደ ቤት ተመለሰ።

ሲገባ ቁርስ አቅርቤ ነበር። ስላለው ነገር አላነሳም፣ እኔም እንደሰማሁ አልነገርኩትም። የቧንቧውን ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ወሬው በዚያ መቆሙን አላውቅም፤ መጠየቅ ትቼ ነበር።

መኪናዋን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ነዳናት፣ አንድ ቀን ውሃ አላጎደለችም። ስንሸጣት ከዲላ የመጣው ገዢ ኮፈኑን ከፍቶ ቱቦዎቹ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፉትን ቁጥሮች አየና፣ የትኛው ጋራዥ እንደሠራት ጠየቀ። አባቴ ወደ እኔ ጠቆመው። ሰውየው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። አባቴ ግን አልሳቀም።

«እሷ ናት» አለው። «ካላመንክ አትግዛ።»